ትንንሾቹ ማንጎዎች የሌሉበት ሥዕል

ስታቲስቲክስ የተማርኩት ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ይመስለኛል። ቁጥር ፊት አያስቀላም፤ ተሳስተሽም ቢሆን ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሶሳ ውስጥ የገበሬዎችን ምርት ከገዢ ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ቢሮ በኮንትራት ስቀጠር፣ ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ እንደሚሆን አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ግን ሚዛን አስይዘው ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ላኩኝ።

በእኛ አካባቢ ማንጎ አንዴ መድረስ ከጀመረ መድረሻ ያጣል። ከዝናቡ መግቢያ ጋር ይረግፋል። ፍየል ይበላዋል፣ ልጆች ይወራወሩበታል፣ የተረፈው ዛፉ ሥር ተኝቶ ይሸታል። እኔ ያደግኩት ከአሶሳ ወጣ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ ሰው ስለሆነ እስከ ዛሬ የወደቀ ፍሬ ሲረግጥ ይደነግጣል፤ "ይኸን የመሰለ ነገር መሬት ላይ!" ይላል በዚያ ባልለቀቀው የወሎ አነጋገሩ።

በተላክሁባት ቀበሌ የበርታ ሴቶች የማንጎ አምራቾች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ባለፈው ዓመት ምን እንደደረሰባቸው ቢሮ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሯ ሴቶቹን "ለመንገድ ዳር ቸርቻሪ አትስጡ፣ መኪና ይመጣል" ብለው አሳምነው፣ መኪናው እውነትም መጣ። ነጋዴው የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች ሲያይ ትልልቅ ነበሩ። ከሥር ያሉት ግን ትንንሽ ሆኑበት። ተናዶ የጫነውን ሁሉ መንገድ ዳር ደፍቶት ሄደ። ማንጎው እዚያው በሰበሰ፤ ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ በአጠገቡ አለፈ።

ዘንድሮ አዲስ ገዢ ተገኘ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንጎ ከትፎ የሚያደርቅ ሰው ነው። ትንሹ ማንጎ አብዛኛው የውስጡ ፍሬ ስለሆነ ለማሽኑ አይሆንም። ሥራ አስኪያጃችን ከገዢው ጋር በስልክ ተነጋግረው ሲጨርሱ ወደ ጠረጴዛዬ መጡና፣

"አማካዩን አልፈልግም ይላል" አሉኝ። "አማካይ ብዙ ጊዜ አታሎኛል ነው የሚለው። የሚፈልገው ያንን ሥዕል ነው... ዘንግ ዘንጉን።"

"ሂስቶግራም?"

"እሱን። ነገ ሄደሽ መዝኚ።"

ሂስቶግራም ከባድ ነገር አይደለም። ጎን ለጎን የተደረደሩ ቋቶች አስቡ። ከዚህ እስከዚህ ግራም የሚመዝነው ማንጎ አንዱ ቋት ውስጥ፣ ከዚያ ከበድ የሚለው ቀጥሎ ባለው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ብዙ ማንጎ የገባበት ቋት ረጅም ዘንግ ይሆናል፣ ጥቂት የገባበት አጭር። አማካይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሂስቶግራም ግን ትንሹም ትልቁም ስንት ስንት እንደሆነ ያሳያል።

ሊቀመንበሯ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ለሴትም ለወንድም "አንተ" ነው የሚሉት። ከዛፉ ጥላ ሥር የቀርከሃ አልጋ አውጥተው ነጭ አንሶላ አነጠፉበትና አስቀመጡኝ።

"እናቴ፣ ዛፎቹ ጋ ሄጄ ልመዝን?" አልኳቸው።

"ፀሐይ ነው። ማንጎው ይመጣል፣ አንተ አይሄድም። እንግዳ ቁጭ ይላል።"

እውነትም ማንጎው መጣ። ሴቶቹ በትከሻቸው ላይ አግድም እንጨት አድርገው፣ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ቅርጫቶቹን ሳያወዛውዙ ተራ በተራ ገቡ። ማንጎዎቹ ታጥበዋል። አንዳንዶቹ በነጠላ ጫፍ ተወልውለው ያበራሉ። እያንዳንዱን ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ ባለቤቷ ጎንበስ ብላ "ትልቅ ነው?" ትላለች፤ ራሴን ነቅንቄ አዎ ስላት ሁሉም ይስቃሉ። አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር አንዲት ወጣት ባለትዳር ነበረች፤ የማይገባኝን የምትተረጉምልኝ እሷ ነች።

"ይቺ ሚዛን ሰው ትመዝናለች?" አለችኝ።

"እስከ አምስት ኪሎ ብቻ ነው።"

"ባሌን ልመዝንልሽ ነበር። ማዕድ ላይ ከባድ ነው፣ እርሻ ላይ ግን አምስት ኪሎም አይሞላም።"

ስመለስ አንድ ከረጢት ሙሉ ማንጎ አሸክመውኛል። ያን የሚያህል ማንጎ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ስለነበር ሥዕሉን ለመሥራት ተቀመጥኩ። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም በከፈትኩት ቁጥር ክፈይ ስለሚለኝ ነጻ የሆነ ድረ ገጽ ፈለግኩ፤ ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁ። ገጹ ባዶ ሳጥን አለው። ቁጥሮችሽን እዚያ ትለጥፊያለሽ፣ ቋቶቹ ምን ያህል እንዲሰፉ እንደምትፈልጊ ትመርጫለሽ፣ ቁልፉን ትጫኛለሽ፤ በቃ። እኔ ስጫን ግን ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደጋግሜ ሳየው ስህተቱ የራሴ ነበር። ክብደቶቹን ስልኬ ላይ በአማርኛ ኪቦርድ ስለመዘገብኳቸው አንዳንዱ ቦታ ላይ የኪሎው ነጥብ አራት ነጥብ ሆኖ ገብቷል። ድረ ገጹ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። እያንዳንዱን አርሜ እንደገና ተጫንኩ። ርዕሱን በአማርኛ ብጽፍለት ደግሞ ፊደሎቹን ወደ ባዶ ሳጥኖች ቀየረብኝ፤ ያለ ርዕስ ተውኩት።

ሥዕሉ ወጣ። አንድ ያማረ ኮረብታ ነበር፤ መሃሉ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ዝቅ የሚል። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንደነበረው። ሥራ አስኪያጃችን ከኋላዬ መጥተው አጎንብሰው አዩት።

"አቤት! ይሄ ነው ግራፍ! ጸባይ ያለው ልጅ ይመስላል" አሉ። "ገዢው ሲያየው ሁለት መኪና ነው የሚልከው። ነገ ጠዋት ይላክ።"

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥራ ስላልነበረኝ በገጹ መጫወት ጀመርኩ። የቋቶቹን ስፋት የምታስተካክል ትንሽ መጎተቻ አለችው። ወደ ቀኝ ስትጎትቻት ቋቶቹ እየሰፉ ሁሉም ነገር ሦስት ወፍራም ዘንግ ይሆናል። ወደ ግራ ስትጎትቻት ይቀጥናሉ፣ የተደበቀውም ይወጣል። ሃምሳ ግራም ላይ ሳደርሳት እጄ ቆመ። የኮረብታው የቀኝ ጎን ቀስ እያለ ይወርዳል። የግራው ግን አይወርድም፤ በቢላ እንደተቆረጠ ገደል ነው። ከዚያ በታች አንድም ማንጎ የለም።

ማንጎ እንዲህ አያድግም። ደግሞም ወደ ሊቀመንበሯ ግቢ ስገባ ጫማዬ ትንሽ ማንጎ ረግጦ አንሸራቶኝ ነበር። ያቺ ማንጎ የት አለች? ሥዕሉ ላይ የምትቆምበት ዘንግ የለም።

ወደ ቤት እየሄድኩ እናቴን አሰብኳት። እንግዳ ሲመጣ ጠርዛቸው የተሸረፉትን ሳህኖች ቁም ሳጥን ውስጥ ትደብቃለች፤ እኛን ልጆቿንም በዓይኗ ታስጠነቅቀናለች፤ የምናወጣው ሙሉዎቹን ብቻ ነው። አንድ እንግዳ ስለ ሳህኖቻችን ግራፍ ቢሠራ አንድም የተሸረፈ አያገኝም። እናቴ ደግሞ ማንንም አላታለለችም፤ ሰው ማክበሯ ነው። እኔም እዚያ ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጬ የመዘንኩት ማንጎአቸውን ሳይሆን አክብሮታቸውን ነበር።

ግን ገዢው ይህን አያውቅም። ሥዕሉን አምኖ መኪና ይልካል፣ መኪናው ትልልቁንም ትንንሹንም ያገኛል፣ ያ መንገድ ዳር ዳግመኛ ማንጎ ይደፋበታል። ሊቀመንበሯን ከዚያ በኋላ ማን ይሰማቸዋል?

ጠዋት የሥራ አስኪያጁ ክፍል በር ላይ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ግራፉ... ትንንሾቹ የሉበትም።"

"እና?"

"ለእንግዳ ብለው መርጠው ነው ያመጡልኝ። ተመልሼ ልመዝን።"

ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ የሠርግ ፎቶ ላይ ብጉር ትፈልጊያለሽ?"

"መኪናው የሚጭነው ፎቶውን አይደለም።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ "የተደፋውን እኔም አይቼዋለሁ። መኪናዬን አቁሜ ነው ያየሁት" አሉ። "ሂጂ። ግን ዛሬውኑ ጨርሺ። ገዢው ነገ መልስ ካላገኘ ወደ ሌላ አካባቢ እሄዳለሁ ብሏል።"

ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ለራሴ ደጋገምኩት። ስደርስ አልጋው ወጥቷል፣ አንሶላው ተነጥፏል፤ ከየት እንዳዩኝ እንጃ። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ሳልቀመጥ ቆምኩ።

"ዛሬ የመጣሁት ትንንሾቹንም ልመዝን ነው" አልኩ።

ወጣቷ አየችኝ። "ትልልቆቹ አልበቁሽም?"

ሊቀመንበሯ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። "ትንሽ ማንጎ ፍየል ይበላል። አንተ ፍየል ነህ?"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔም መሳቅ ፈልጌ አልሆነልኝም። ከመሃላቸው አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወጣች።

"ምን አደረግኳት?" አልኳት ወጣቷን ቀስ ብዬ።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው ያመጣችልሽ ማንጎ ከእኔ ዛፍ የተለቀመ ነው። እኛ የተሻሻለውን ችግኝ ተክለናል። የእሷ ዛፎች አሮጌ ናቸው፣ ፍሬያቸው ጡጫ አይሞላም። እንግዳ ተቀምጦ ባዶ እጇን ትምጣ?"

የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ስለ ናሙና፣ ስለ ስህተት፣ ስለ ገዢው ልነግራቸው አስቤ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ስድብ መሰለኝ። አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ አየሁት። አንስቼ በጥንቃቄ አጠፍኩት፣ ለሊቀመንበሯም ሰጠኋቸው።

"እናቴ፣ ዛሬ እንግዳ አትበሉኝ።"

አንሶላውን ይዘው ለረዥም ጊዜ አዩኝ። "እንግዳ አይደለም?"

"አይደለሁም።"

"እንግዳ ካልሆነ ልጅ ነው። ልጅ ቁጭ አይልም።" የራሳቸውን እንጨት ከሁለቱ ቅርጫቶች ጋር አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጫኑት። "ያላ፣ በል፣ ሥራ!"

ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄድን። ሳንመርጥ፣ ሳናጥብ፣ የወረደውንም የረገፈውንም ከያለበት ለቀምን። እንጨቱ ለእኔ አልታዘዝ አለ፤ አንዱ ቅርጫት ሲወርድ ሌላው ሽቅብ ይወጣል፣ ማንጎዎቹ ከኋላዬ ይንከባለላሉ። ሊቀመንበሯ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ወላሂ፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄን አያስተምርም!"

"አምስት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር በሏት!" አለች ወጣቷ።

"አራት ነው" አልኩ፤ ይኸም አሳቃቸው። ከዚያ በኋላ ማፈሬን ረሳሁት።

ወጥታ የሄደችው ሴት ልንጨርስ ስንል ተመለሰች። ቅርጫቷን ሚዛኔ አጠገብ አስቀመጠች። ማንጎዎቿ ትንንሽ ናቸው፤ አልተወለወሉም። እንደ ሌሎቹ አንድ በአንድ መዘንኩላት። "ትልቅ ነው?" አላለችም። ስጨርስ ግን ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ጎንበስ ብላ አየችው፤ መጻፌን ልታረጋግጥ ይመስለኛል።

ኔትወርክ ያለው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለች ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እኔ ስወጣ ሁሉም ተከትለውኝ ወጡ። ድረ ገጹን ስልኬ ላይ ከፍቼ ቁጥሮቹን ለጠፍኩ፤ አሁን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነበር የጻፍኳቸው። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ አንዴም ጠፍታ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ ዘንጎቹ ብቅ አሉ። አንድ ኮረብታ አልነበረም። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ መሃላቸው ዝቅ ያለ። በግራ ያሉት የአሮጌዎቹ ዛፎች ናቸው፣ በቀኝ የአዲሶቹ።

የበፊቱንም ሥዕል አውጥቼ ሁለቱን አሳየኋቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሊቀመንበሯ በመጀመሪያው ላይ ጣታቸውን አድርገው።

"ለእንግዳ የሰጣችሁት።"

"ይሄስ?"

"ያላችሁ።"

ሁለቱን ኮረብታዎች በጣታቸው ተከተሉ፣ ወደ መሃሉ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። ከዚያ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። "ሁለት ቅርጫት" አሉ። ለሌሎቹም በበርታ ቋንቋ ነገሯቸው፤ ሴቶቹ ስልኩን ተቀባበሉት።

"ገዢ ይሄን ካየ ይመጣል?" አሉኝ።

ልዋሽ አልቻልኩም። "አላውቅም። ላይመጣ ይችላል።"

"ያኛውን ካየ?"

"ይመጣል። ከዚያ ማንጎውን ያያል።"

ሴቶቹ እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ቋንቋውን ባልሰማም ክርክር መሆኑ ያስታውቃል። አንዷ ስልኩን እየጠቆመች የመጀመሪያው ይላክ የምትል መሰለኝ። ሌላዋ እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች። ከጉብታው ላይ ሆኖ ያ ማንጎ የተደፋበት ቦታ ይታያል። ሁሉም ወደዚያ አዩ።

ሊቀመንበሯ ወደ እኔ ዞሩ። "ባለፈው ዓመት እኔ ነው መኪና ይመጣል ያልኩ። መጣ፣ ደፋ። ሴቶቹ እኔን አልሰደቡም። ውኃ ስንቀዳ ዝም ይላሉ። ቢሰድቡኝ ይሻላል ነበር።" ስልኩን መለሱልኝ። "ሁለት ቅርጫቱን ላክ። ካልመጣም ከቤቱ ይቅር።"

እዚያው ላክሁት።

በማግሥቱ ገዢው ደወለ። ሥራ አስኪያጃችን ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። በእጄ ተከላከልኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። "የሠራሽው አንቺ ነሽ" ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ግራ በኩል ያለው ምንድን ነው?" አለ ድምፁ።

"የአሮጌ ዛፎች ፍሬ ነው። ለእርስዎ አይሆንም። የቀኙን ብቻ ለይተው ያቀርባሉ።"

"ማን ነው የሚለየው? ይኼን እኮ ሁሉም ይለኛል።"

"ሴቶቹ ራሳቸው። ሥዕሉ እንዲህ ይላክ ያሉትም እነሱ ናቸው።"

"ግራፍ ስጠይቅ ብዙ ሰው ይልክልኛል" አለ። "ሁሉም ቀኝ በኩል ብቻ ነው ያለው። እሺ፣ ትልቁን መኪና ግን አልልክም። በአይሱዙ እመጣለሁ።"

የመጣ ዕለት እኔም ሄድኩ። ቅርጫቶቹ በሊቀመንበሯ ግቢ ውስጥ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የግራው ረድፍ ትንንሹ፣ የቀኙ ትልልቁ። ገዢው የቀኙን የመጀመሪያ ቅርጫት ላይ ላዩን አላየም፤ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ከሥር ነው ያወጣው። ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ አደረገ። ሊቀመንበሯ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ከእጁ ሳይነቅሉ ቆመዋል። ሦስተኛውንም ከሥር አየ። ከዚያ አቧራውን ከእጁ አራገፈና "ጫኑ" አለ።

ወጣቷ እልልታዋን ልታቀልጥ ስትል ሊቀመንበሯ ዓይናቸውን አፈጠጡባት፤ መኪናው ተጭኖ፣ ኩርባውን አልፎ፣ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ አስጠበቋት። በመንገዱ ዳር አንድም ማንጎ አልተደፋም። ያኔ ነው እልል ያሉት፤ ራሳቸው ሊቀመንበሯ ቀድመው።

ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። አሮጌ ዛፍ ያላት ሴት ቅርጫቷን እንደያዘች ነበር። ያን ቀን ከእሷ የተገዛ ማንጎ የለም። ለመንገድ ዳር ቸርቻሪ ትሰጣለች፣ እንደ በፊቱ። ወጣቷን ስለ ችግኙ ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ወጣቷም ከየት እንደሚገኝ እያስረዳቻት ነበር። ዛፉ እስኪያፈራ ግን ስንት ክረምት ማለፍ አለበት። ሥዕሉ ውሸት ስላልነበረ ብቻ ለሁሉም ጥሩ ሆኗል ልል አልችልም።

ልሄድ ሚዛኔን ስጠቀልል የቀርከሃው አልጋ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ያን ቀን ማንም አላወጣውም፣ አንሶላም አልተነጠፈም። ሊቀመንበሯ በአጠገቤ ሲያልፉ ከግራው ረድፍ አንዲት ትንሽ ማንጎ አንስተው፣ ሳያጥቡ ሳይወለውሉ፣ ወረወሩልኝ።

"ብላ" አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ቆሜ በላሁት። ከትልልቆቹ ይልቅ ጣፋጭ ነው፤ ቃጫው ግን ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጭማቂው እስከ ክንዴ ወረደ። ማንም አላየኝም፣ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ቅርጫቱን በመሰብሰብ ላይ ነበር። ፍሬውን ለፍየሎቹ ጣልኩላቸውና እኔም ልረዳቸው ሄድኩ።